ስታክ የሚያደርግና በራሱ የሚነሣ ዴስክቶፕ፦ ማዘርቦርድ ከመግዛትሽ በፊት

ጥያቄ፦ አዳማ ውስጥ የጽሕፈትና የፎቶኮፒ ቤት አለኝ። ኮምፒውተሬ ኮር አይ 5 4570 ነው፤ 8 ጊጋ ራም (ሁለት ባለ 4)፣ 1 ቴራ ሃርድ ዲስክ፣ በኋላ ያስጨመርኩት ጂቲኤክስ 1060 ቪጂኤ ካርድና ከኬዙ ጋር የመጣ 500 ዋት ፓወር ሰፕላይ አለው። ከሁለት ወር ወዲህ እየሠራሁ ድንገት ስታክ ያደርጋል፤ ማውዙ አይንቀሳቀስም፣ ዘፈን ከፍቼ ከሆነ ድምፁ ዝዝዝ እያለ ይቆያል። አንዳንዴ ደግሞ ምንም ሳይል ድርግም ብሎ በራሱ ይነሣል። ሰማያዊ ስክሪንም አይቻለሁ፤ ሳላነበው ያልፋል። ከሰዓት በኋላና ሥራ ሲበዛ ይብስበታል። ሦስት ጊዜ ፎርማት ተደርጓል፣ ለውጥ የለም። አንዱ ባለሙያ ማዘርቦርዱ ነው አለኝ፣ ሌላው ራሙ ነው አለኝ። የቱን ልግዛ?

መልስ፦ እህቴ፣ ለጊዜው የቱንም አትግዢ። በተለይ ማዘርቦርድ አትግዢ፤ ከዘረዘርሻቸው ምልክቶች መካከል በቀጥታ ወደ ማዘርቦርድ የሚያመለክት አንድም የለም። ማዘርቦርድ ሌላው ዕቃ ሁሉ ተፈትሾ ነፃ ከወጣ በኋላ የሚጠረጠር እንጂ ቀድሞ የሚፈረድበት አይደለም። በየጥገና ቤቱ "ማዘርቦርዱ ነው" የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ "አላወቅኩትም" ለማለት ነው።

ከምርመራው የሚቀድም አንድ ሥራ አለ። የደንበኞችሽን ፋይልና የሒሳብሽን መዝገብ ዛሬውኑ በሌላ ሃርድ ዲስክ ወይም በፍላሽ ገልብጪ። የታመመው ሃርድ ዲስኩ ይሁን አይሁን ገና አላወቅንም። ዲስኩ ጤነኛ ቢሆን እንኳ ፓወር በተኑን ይዘሽ በግድ ባጠፋሽው ቁጥር እየተጻፈ ያለ ፋይል ሊበላሽ ይችላል።

ለሦስቱ ፎርማት የከፈልሽው ገንዘብ ሙሉ በሙሉ ከንቱ አልቀረም። ፎርማት ዊንዶውሱን፣ ፕሮግራሞቹንና ቫይረሱን ይጠርጋል። ከዚያ በኋላም ችግሩ እንደነበረው ከተመለሰ፣ መንስኤው ፎርማት የማይነካው ነገር ነው ብለን ለመጠርጠር በቂ ምክንያት አለን። የሚቀር ጥርጣሬ ቢኖር አንድ ነው፦ ሦስቱም ጊዜ ከአንድ ፍላሽ አንድ ዓይነት ዊንዶውስና አንድ ዓይነት ድራይቨር (ዊንዶውስ ዕቃዎቹን የሚያዝበት ፕሮግራም) ተጭኖ ከሆነ ጉድለቱም አብሮ ተጭኖ ሊሆን ይችላል። እሱን ወደ ኋላ ላይ ኡቡንቱ በሚባል፣ በዊንዶውስ ፋንታ ከፍላሽ በሚነሣ ሲስተም እናጣራዋለን።

አሁን ወደ ምልክቶቹ። አንቺ እንደ አንድ ችግር ጠቅለል አድርገሽ ጽፈሻቸዋል፤ ለእኔ ግን ሦስቱ የተለያዩ አሟሟቶች ናቸው፣ እያንዳንዱም የሚያወራው ነገር አለው። ሰማያዊ ስክሪን ሳያሳይ ድርግም ብሎ የሚነሣ ኮምፒውተር ብዙ ጊዜ የኃይል ጉዳይ ነው። ፓወር ሰፕላዩ ቮልቴጁ ደህና መሆኑን በአንድ ግራጫ ሽቦ ለማዘርቦርዱ ያለማቋረጥ ይነግረዋል፤ "ፓወር ጉድ" ይባላል። ያ ምልክት ለቅጽበት ከወረደ ማዘርቦርዱ ሁሉንም ነገር አቁሞ እንደ አዲስ ያስነሣል። ዊንዶውስ ምን እንደ ደረሰበት ለመጻፍ ጊዜ አያገኝም።

ምስሉ ባለበት ደርቆ ድምፁ ዝዝዝ የሚለው ሌላ ነው። እዚያ ኃይሉ አልጠፋም፤ ፕሮሰሰሩ ወይም ከእሱ ጋር የሚነጋገር አንድ ዕቃ ቆሟል፣ የድምፅ ክፍሉ ደግሞ መጨረሻ ላይ የተሰጠውን ቁራጭ ድምፅ እየደጋገመ ነው። በዚያች ቅጽበት ከማጥፋትሽ በፊት ኪቦርዱ ላይ ካፕስ ሎክን ተጫኚ። መብራቱ እየታዘዘ ከበራና ከጠፋ ዊንዶውስ ከውስጥ በሕይወት አለ፤ የቆመው ምስሉ ነው ማለት ይቻላል። ያኔ ዊንዶውስ፣ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ቢን አንድ ላይ ተጫኚ። ይህ የቪጂኤውን ድራይቨር እንደገና ያስነሣል፤ ስክሪኑ ብልጭ ብሎ ከተመለሰ ጣትሽን ወደ ካርዱ ቀስሪ። ካፕስ ሎኩ ጨርሶ ካልታዘዘ ግን ከሥር ያለው ነገር ነው የቆመው፦ ኃይል፣ ራም፣ ፕሮሰሰር፣ ማዘርቦርድ ወይም መላውን መስመር የዘጋ ካርድ።

አንቺ ያልጠቀስሽው አራተኛም አለ። ማውዙ ይንቀሳቀሳል፣ ነገር ግን የነካሽው ሁሉ አይከፈትም፤ የኬዙ ቀይ መብራት ሳይጠፋ በርቶ ይቆያል፣ ከደቂቃ በኋላ ሁሉም አንድ ላይ ይከፈታል። ይህ የሃርድ ዲስክ ጠባይ ነው። አለመጥቀስሽ ዲስኩን ከተጠርጣሪዎች ኋላ ያሰልፈዋል፤ ጨርሶ ግን አያስወጣውም።

ሰማያዊው ስክሪን ምስክር ነው፤ የሚያስጨንቅ ሳይሆን የሚጠቅም ነገር ነው። ሳታነቢው የሚያልፈው ዊንዶውስ ቶሎ እንዲነሣ ተደርጎ ስለተዘጋጀ ነው። ስታርት ላይ "አድቫንስድ ሲስተም ሴቲንግስ" ብለሽ ፈልጊ፣ "ስታርትአፕ ኤንድ ሪከቨሪ" ሥር ያለውን "ሴቲንግስ" ክፈቺና "ኦቶማቲካሊ ሪስታርት" የሚለው ላይ ያለውን ምልክት አንሺው። ከዚያ በኋላ ሰማያዊው ስክሪን አንቺ እስክታጠፊው ይቆምልሻል፤ በስልክሽ ፎቶ አንሺው። "ሜሞሪ ማኔጅመንት" ወይም "ፔጅ ፎልት ኢን ነንፔጅድ ኤሪያ" ካለ፣ በተለይም ስሙ በየጊዜው ከተለዋወጠ፣ ራም ይጠረጠራል። "ከርነል ዳታ ኢንፔጅ ኤረር" ወደ ዲስክና ወደ ገመዱ ይጠቁማል። "ቪዲዮ ቲዲአር ፌይለር" የቪጂኤው ነው። "ዊያ አንኮሬክተብል ኤረር" የሚለው፣ ቁጥሩ በ124 የሚያልቀው፣ ፕሮሰሰሩ ራሱ ያመለከተው የሃርድዌር ስህተት ሲሆን ከሙቀት፣ ከኃይል ማነስ ወይም ከራሱ ከፕሮሰሰሩ ሊመጣ ይችላል። እነዚህ ጥቆማዎች ናቸው እንጂ ፍርድ አይደሉም፤ ጉድለት ያለበት ፓወር ሰፕላይ ሁሉንም ሊያስጽፍ ይችላል።

ያለፈውንም ማየት ይቻላል። ስታርት ላይ ቀኝ ክሊክ፣ "ኢቨንት ቪወር"፣ "ዊንዶውስ ሎግስ"፣ ከዚያ "ሲስተም"። ቀይ ምልክት ያለበት "ከርነል ፓወር 41" ብዙ ቦታ ታገኛለሽ። እሱን አይቶ "ፓወር ነው" የሚል ሰው ቢያጋጥምሽ አትቸኩዪ። ትርጉሙ "ኮምፒውተሩ በወጉ ሳይዘጋ ነው የተነሣው" ብቻ ነው፤ አንቺ በተኑን ይዘሽ ስታጠፊውም ይጻፋል። የሚጠቅሙሽ ከእሱ በፊት ባሉት ደቂቃዎች የተጻፉት ናቸው። "ዊያ ሎገር" የሚል ካለ ሃርድዌር ራሱ ቅሬታ አቅርቧል ማለት ነው። "ዲስክ" በሚል ስም 7፣ 51 ወይም 153 ቁጥር ከተደረደረ ዲስኩ ወደ ፊት ይመጣል። ከ41 በፊት ምንም ከሌለ፣ ጸጥ ብሎ ሲሠራ ቆይቶ በድንገት ከተቆረጠ፣ ወደ ኃይል የማዘንብለው ያኔ ነው።

የጥያቄሽ ትልቁ ፍንጭ ግን "ከሰዓት በኋላና ሥራ ሲበዛ" ያልሽው ነው። ፎቶኮፒ ቤት ውስጥ ሥራ በዛ ማለት ሌዘር ፕሪንተሩና ኮፒ ማሽኑ አላረፉም ማለት ነው። የሌዘር ፕሪንተር ቀለሙን ወረቀቱ ላይ የሚያቀልጠው በማሞቂያ ነው፤ ማሞቂያው ሲነሣ እንደ ዓይነቱ ከብዙ መቶ ዋት እስከ 1000 ዋት አካባቢ በአንዴ ይስባል። ኮምፒውተሩ፣ ፕሪንተሩና ኮፒ ማሽኑ በአንድ ዲቫይደር ላይ ከተሰኩ፣ በየማሞቂያው መነሣት የዲቫይደሩ ቮልቴጅ ይወርዳል። አምፖሉ በዚያች ቅጽበት ደብዘዝ ሲል አይተሽ ታውቂያለሽ? ኮምፒውተርሽም ያንኑ ያያል። ዲቫይደሩ ያረጀ ከሆነ፣ ሶኬቱ ከላላና ስትነኪው ከሞቀሽ፣ ነገሩ ይብሳል።

ዩፒኤስ ካለሽም እሱን አጣሪ። በየቢሮው የሚታየው ባለ 650 ቪኤ ዩፒኤስ ከ400 ዋት በታች ነው የሚችለው፤ ሌዘር ፕሪንተር እሱ ላይ መሰካት አምራቾቹ ራሳቸው የሚከለክሉት ነገር ነው። ውስጡ ያለው ባትሪም ዕድሜው አጭር ነው፣ በሙቀት ደግሞ ያጥራል። ባትሪው የሞተ ዩፒኤስ ከዩፒኤስ አለመኖር ይብሳል፤ ቮልቴጁ ትንሽ ወረድ ባለ ቁጥር ወደ ባትሪ እለወጣለሁ ብሎ ባዶውን ያገኘዋል፣ ኮምፒውተሩንም ይዞት ይጠፋል። ሥራሽን ሴቭ አድርገሽ ዩፒኤሱን ከግድግዳው ንቀዪው። ኮምፒውተሩ ወዲያው ከሞተ መልሱን አገኘሽ።

ጤነኛ ዩፒኤስ ወደ ባትሪ ለመለወጥ ከ4 እስከ 10 ሚሊ ሰከንድ ይፈጅበታል። ደህና ፓወር ሰፕላይ ደግሞ መስመሩ ቢቋረጥ በካፓሲተሮቹ ውስጥ ባጠራቀመው ኃይል 16 ሚሊ ሰከንድ ያህል ያቆያል፤ ስለዚህ መቋረጡ አይሰማሽም። የርካሹ ፓወር ሰፕላይ ካፓሲተር ከመጀመሪያውም ትንሽ ነው፣ ከዓመታት ሙቀት በኋላ ደግሞ ይደርቃል። ያኔ ጎረቤትሽ ያለው ኮምፒውተር ምንም ያልተሰማው መቆራረጥ የአንቺን ይጥለዋል። "የመብራት ችግር ቢሆን ኖሮ የሁሉም ይጠፋ ነበር" የሚለው ክርክር የማያዋጣው ለዚህ ነው።

እንግዲህ የመጀመሪያው ሙከራ ምንም ወጪ የለውም። ኮምፒውተሩንና ስክሪኑን ብቻ፣ ያለ ዩፒኤስና ያለ ስታቢላይዘር፣ ሌላ ዕቃ ባልተሰካበት የግድግዳ ሶኬት ላይ ለጥቂት ቀናት አሠሪ። ፕሪንተሩን ወደ ሌላ ሶኬት ውሰጂው፤ የሚቻል ከሆነ ወደ ሌላ መስመር። ብዙ ሰው ስታቢላይዘር ካለ ችግር የለም ይላል። ቀጭ ቀጭ የሚለው ዓይነት ግን በየቀጭታው ኃይሉን ለቅጽበት ይቆርጣል፣ ለደካማ ፓወር ሰፕላይ ያ ራሱ በቂ ነው። በሙከራው ጊዜ ከመንገዱ እናስወጣው ያልኩሽ ለዚህ ነው።

ከሶኬቱ ሳልወጣ፦ ኬዙን ስትነኪው ይነዝርሻል? ከነዘረሽ ሶኬትሽ የመሬት መስመር የለውም። በፓወር ሰፕላዩ ውስጥ ያለው የኤሌክትሪክ ረብሻ ማጣሪያ ትንሽ ኃይል ወደ ኬዙ ይለቃል፤ መሬት ካለ እዚያ ይገባል፣ ከሌለ ኬዙ ላይ ይቀመጣል። ለኮምፒውተሩ መድረቅ ዋናው ምክንያት ላይሆን ይችላል፣ ፍላሽና ፕሪንተር ሲሰካ ግን ችግር ይፈጥራል፣ ለሰውም ጥሩ አይደለም። ኤሌክትሪሺያን ጠርተሽ አሠሪው።

አሁን ወደ ፓወር ሰፕላዩ። ኮምፒውተሩን አጥፍተሽ ገመዱን ንቀዪ፣ የኬዙን ጎን ክፈቺና ስቲከሩን አንብቢ። ትልቁን "500 ዋት" እርሺው፤ ያ ቁጥር የገበያ ነው። የምትፈልጊው 12 ቮልት በሚለው ሥር የተጻፈውን አምፒር ነው፣ ምክንያቱም ፕሮሰሰሩና ቪጂኤ ካርዱ የሚመገቡት ከዚያ ነው። አምፒሩን በ12 አባዢው። ከኬዝ ጋር በሚመጡት ላይ 18 አምፒር የተለመደ ነው፤ 18 በ12 ሲባዛ 216 ዋት። ኮር አይ 5 4570 እስከ 84 ዋት ይፈልጋል፣ ጂቲኤክስ 1060 ደግሞ 120 ዋት። ድምሩ 204 ነው። ለሃርድ ዲስኩ ሞተር፣ ለፋኖቹና ለተቀረው 12 ዋት ብቻ ተረፈ ማለት ነው፤ ካርዱ ደግሞ ሥራ ሲጀምር ለቅጽበት ከ120 በላይ የመሳብ ልማድ አለው። ስቲከሩ ላይ ሁለት የ12 ቮልት መስመር ካየሽ አምፒራቸውን አትደምሪ፤ ከሥር የጋራ ዋታቸው ለብቻ ተጽፏል፣ የሚሠራው እሱ ነው።

ሙቀቱም እዚህ ይገባል። ብዙዎቹ ርካሾች ዋታቸው የተለካው በ25 ዲግሪ ክፍል ውስጥ ነው። አዳማ በበጋ ከሰዓት፣ ሁለት ማሽን በሚያሞቀው ጠባብ ቤት፣ ኬዙ ውስጥ ያለው አየር ከዚያ እጅግ ይበልጣል፤ ፓወር ሰፕላዩም የተጻፈበትን ያህል እንኳ አይሰጥም።

ካርዱ ላይ የሚሰካውን ባለ 6 ቀዳዳ ገመድ ተመልከቺ። ከፓወር ሰፕላዩ በቀጥታ የወጣ ነው ወይስ የሃርድ ዲስክ ገመድ በአዳፕተር ተቀይሮ? አዳፕተር ከሆነ ፓወር ሰፕላዩ ለእንዲህ ያለ ካርድ አልተሠራም ነበር። ፕላስቲኩ ቡናማ ከሆነ ወይም ከቀለጠ ምርመራውን እዚያው አቁሚና ካርዱን አውጪው።

ቴስተር ያለው ሰው ካገኘሽ ኮምፒውተሩ ሥራ ላይ እያለ በትርፍ የሃርድ ዲስክ ገመድ ላይ የቴስተሩን ጥቁር ጫፍ ከጥቁሩ ሽቦ፣ ቀዩን ጫፍ ከቢጫው ሽቦ ጋር አድርጎ ይለካልሽ። ከ11.4 እስከ 12.6 ቮልት መሆን አለበት፤ ቀዩ ሽቦ ላይ ደግሞ ከ4.75 እስከ 5.25። ከዚያ ከወጣ ፓወር ሰፕላዩ አበቃለት። በዚያ ውስጥ ከሆነ ግን ነፃ ወጣ ማለት አይደለም፤ ቴስተር የቅጽበቱን መንቀጥቀጥ አያይም። አረንጓዴውንና ጥቁሩን ሽቦ አገናኝቶ ፋኑ ሲዞር "ሰላም ነው" የሚልሽን ደግሞ አትስሚ። ያ መነሣቱን እንጂ ሸክም መቻሉን አያሳይም። ከኋላ ያለውን ቀይ የ115 እና የ230 ማብሪያ ማንም እንዳይነካው፣ ፓወር ሰፕላዩንም ማንም እንዳይከፍተው፤ ተነቅሎም ቢሆን ውስጡ የሚገድል ኃይል ይዞ ሊቆይ ይችላል።

ቀጥሎ ያለው ሙከራ ከሁሉ የምወደው ነው። የአንቺ ፕሮሰሰር የራሱ ቪጂኤ አለው። ካርዱን ሙሉ በሙሉ ንቀዪና አውጪው፣ የስክሪኑን ገመድ ማዘርቦርዱ ላይ ባለው መሰኪያ አድርጊ፣ እንደወትሮሽ ሥሪ። በአንድ እርምጃ ካርዱንም ከፓወር ሰፕላዩ ላይ 120 ዋት ሸክምም አነሣሽ። ስንት ቀን ትጠብቂ? ችግሩ በየቀኑ ይመጣ ከነበረ አራት አምስት ቀን ጸጥታ በቂ ነው፤ በሳምንት አንዴ ይመጣ ከነበረ ግን ሁለት ሦስት ሳምንት ካላለፈ "ዳነ" አትበዪ። ባለሙያው ሱቁ ውስጥ ለግማሽ ሰዓት አስነሥቶ "ምንም የለበትም" ብሎ የሚመልስልሽ ይህን ስለማይጠብቅ ነው።

ኮምፒውተሩ ያለ ካርዱ ከተረጋጋ ጥፋተኛው ከሁለት አንዱ ነው፣ ካርዱ ወይም ፓወር ሰፕላዩ። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው ካርዱን ጥሎ ሌላ ካርድ የሚገዛው፤ አዲሱም በዚያው ፓወር ሰፕላይ ሲንገዳገድ ግራ ይገባዋል። ጤነኛነቱ የታወቀ ጥሩ ፓወር ሰፕላይ ለጥቂት ቀን ተዋሺና ካርዱን መልሺው። ከተረጋጋ ፓወር ሰፕላዩ ነበር። ካልተረጋጋ ካርዱ ነው። እንደ ነገሩ ግን ልጠይቅሽ፦ ካርዱ ለምንሽ ነው? ቪዲዮ የማታቀናብሪ ከሆነ፣ ሥራሽ ወርድ፣ ፎቶሾፕና ፕሪንት ከሆነ፣ የፕሮሰሰሩ ቪጂኤ ይበቃሻል። ካርዱን ሸጠሽ አንዲት ሳንቲም ሳታወጪ ችግሩን ልትዘጊው ትችያለሽ።

ያለ ካርዱም፣ በንጹሕ ሶኬትም ከቀጠለ ወደ ሙቀት እንሂድ፤ ይሄ አጭር ነው። "ኤችደብልዩ ሞኒተር" ጫኚና ሥራ ሲበዛ የፕሮሰሰሩን ዲግሪ እዪ። እስከ 80 ድረስ አትጨነቂ። ከ90 ካለፈ ችግር አለ፤ 100 አካባቢ ሲደርስ ፕሮሰሰሩ ራሱን ለማዳን ይዘገያል፣ ከዚያም ካለፈ ይጠፋል። አዳማ ከባሕር ጠለል ከ1600 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሯ ከባሕር ጠረፍ ከተማ አየር በ15 በመቶ ገደማ ይሳሳል፣ ፋኑም በዚያው ልክ ያነሰ ሙቀት ያወጣል፤ አቧራው ሲታከልበት ጽዳት ቅንጦት አይደለም። በብሎወር ስትነፊው ፋኑን በጣትሽ ያዢው፣ በንፋሱ ከአቅሙ በላይ እንዳይሽከረከር። የኢንቴል ማቀዝቀዣ በአራት የፕላስቲክ እግር ነው የሚያዘው፤ አንዱ ተነቅሎ ማቀዝቀዣው ተንጋዶ መገኘቱ ከምትገምቺው በላይ ያጋጥማል። በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል የሚቀባው ተርማል ፔስትም ደርቆ ከሆነ ይቀየር።

ራም። ሁለት ፍሬ ስላለሽ ዕድለኛ ነሽ፤ አንዱን አውጥተሽ በአንዱ ብቻ ጥቂት ቀን ሥሪ፣ ከዚያ ቀያይሪ። ችግሩ አንደኛውን ተከትሎ ከሄደ አገኘሽው። በሁለቱም ካለ፣ ቀዳዳውን ቀይረሽም ካለ፣ ሁለቱም አንድ ላይ መሞታቸው እምብዛም ስለሆነ ከራም ውጪ ፈልጊ። በላጲስ ጥርሱን ማሸት የታወቀ ዘዴ ነው፣ ይሠራልም፤ የሚጠቅመው ግን መነካካቱ ሲቆሽሽ እንጂ ውስጡ ያለው ቺፕ ሲበላሽ አይደለም። በቀስታ እሺው፣ ፍርፋሪውንም አራግፊ። ማረጋገጫ ከፈለግሽ "ሜምቴስት 86 ፕላስ" ነፃ ነው፤ ፍላሽ ላይ ጭነሽ ማታ ለቀሽው ሂጂ፣ ቢያንስ 4 ዙር ይዙር። እዚህ ላይ መቻቻል የለም፤ አንዲት ስህተት እንኳ ከታየች ጉድለት አለ፣ ራሞቹን ለየብቻ አስፈትሺ።

ለሃርድ ዲስኩ "ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ" በቂ ነው። "ሪአሎኬትድ ሴክተርስ" እና "ከረንት ፔንዲንግ ሴክተር" ከዜሮ በላይ ከሆኑና ከሳምንት ሳምንት እየጨመሩ ከሄዱ ዲስኩን ሳታመነቺ ቀይሪው፤ በኤስኤስዲ (ሞተር በሌለው ፈጣን ዲስክ) ከቀየርሽው ኮምፒውተሩ አዲስ እስኪመስልሽ ይፈጥናል። "ሲአርሲ ኤረር" የሚለው ብቻ ከጨመረ ግን ዲስኩ ላይሆን ይችላል፤ ዲስኩን ከማዘርቦርዱ ጋር የሚያገናኘውን የሳታ ገመድ ቀይሪው። ቁጥሩ ወደ ኋላ አይመለስም፣ ስለዚህ የምታይው መጨመሩን ማቆሙን ነው።

ቅድም የተውነውን የዊንዶውስ ጥርጣሬም አሁን እንዝጋው። የዲስኩን ሁለቱንም ገመድ ንቀዪ፣ ኡቡንቱን በፍላሽ አስነሥተሽ "ትራይ ኡቡንቱ" በዪ፣ ቪዲዮ ክፈቺበትና ግማሽ ቀን ተዪው። ያለ ዲስክና ያለ ዊንዶውስ ከደረቀ ሁለቱም ነፃ ናቸው፤ አራተኛ ፎርማት የሚያቀርብልሽ ካለ ይህን ንገሪው። ካልደረቀ ደግሞ ጥርጣሬው ወደ ዲስኩ ወይም ወደ ድራይቨሩ ያዘነብላል።

ይህ ሁሉ አልፎ፣ ፓወር ሰፕላዩ ተቀይሮ፣ ካርዱ ወጥቶ፣ ራሙ ተጣርቶ አሁንም የሚደርቅ ከሆነ ያኔ ማዘርቦርድ እንበል። በፕሮሰሰሩ ዙሪያ ያሉት ካፓሲተሮች አናታቸው ያበጠ ወይም ፈሳሽ ያወጣ እንደሆነ እዪ። ፕሮሰሰር ራሱ ሲሞት እምብዛም አላየሁም። ማዘርቦርዱ ላይ ያለውን ትንሽ የባዮስ ባትሪ ግን አትውቀሺው፤ እሱ ሲደክም ሰዓቱን ያዛባል እንጂ በሥራ መሃል አያደርቅም።

ማዘርቦርዱ ሆኖ ቢገኝም አትግዢ የምልሽ ለሌላ ምክንያት ነው። የአንቺ ፕሮሰሰር እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ነው፤ ለእሱ የሚሆነው ቦርድ ገበያ ላይ ያለው ያገለገለ ነው፣ ዕድሜው ካለሽ ቦርድ ጋር እኩል ነው። ዊንዶውስ 10 የማይክሮሶፍት መደበኛ ድጋፍ ያበቃው ጥቅምት 2018 ዓ.ም. ሲሆን ዊንዶውስ 11 ደግሞ በይፋ ከ8ኛ ትውልድ ኢንቴል በታች አይቀበልም። ያንን ገንዘብ 8ኛ ትውልድ ወይም ከዚያ በላይ ወደሆነ ያገለገለ ዴስክቶፕ ብታዞሪው ይሻላል። ዲስክሽ ይሸጋገራል፤ ራሙ አይሆንም፣ የአንቺ ዲዲአር 3 ነው፣ የዚያኛው በአብዛኛው ዲዲአር 4።

አሁን ግን ከሶኬቱና ከስቲከሩ ጀምሪ። የ12 ቮልቱ አምፒር ስንት እንደሆነ፣ ካርዱ በአዳፕተር ይሁን በቀጥታ፣ ሲደርቅ ፕሪንተሩ እየሠራ ነበር ወይስ አልነበረም፣ ካፕስ ሎኩም ታዝዞ እንደሆነ ጻፊልኝ። ሰማያዊውን ስክሪን ፎቶ ማንሣት ከቻልሽም ላኪው።